የእሜቴ ወንበር

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ምስማር ይለዋል። ሶፋ ሠሪ ነው፤ ያረጀ ሶፋ ገፎ፣ እንጨቱን ጠግኖ፣ አዲስ ጨርቅ ያለብሳል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን ከአፉ ነው። ሲሠራ ጥቃቅኑን ምስማር አፉ ውስጥ ይሞላና አንድ በአንድ በምላሱ እየገፋ ወደ ከንፈሩ ያመጣዋል፤ ከከንፈሩ ተቀብሎ በመዶሻ ይመታዋል። እንዲህ እየሠራ ጎለመሰ፣ እንዲህ እየሠራ ሸበተ። አፉን ምስማር የሞላው ሰው ደግሞ ወሬ አያበዛም። ደንበኛ ሲያናግረው በአገጩ ነው የሚመልሰው፤ ወደ ላይ ከሆነ እሺ፣ ወደ ጎን ከሆነ አይሆንም ማለት ነው። ክፋቱ፣ ምስማሩን ተፍቶ ቤቱ ሲገባም ያው ነበር።

“ከአንተ አንድ ቃል ከማውጣት ከግድግዳ ምስማር መንቀል ይቀላል” ትለው ነበር ሚስቱ።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሁለት ነገር አስጠንቅቀውት ነበር። አንደኛው፣ የተዘጋ ሥራ አይከፈትም፤ ጨርሰህ የመታኸውን ሶፋ መልሰህ ከከፈትክ ደንበኛው ሁለተኛ አያምንህም። ሁለተኛው፣ አሮጌ ጨርቅ አይጣልም። ከአንዱ ሶፋ የተገፈፈው ተጣጥፎ በሚቀጥለው ሶፋ ክንድ ውስጥ፣ በእንጨቱና በስፖንጁ መሃል ይገባል፤ እንጨቱ እንዳይጮህ ያደርገዋል። ሶፋ ሠሪው ሁለቱንም ሳያጓድል ኖሯል። ከተማው ውስጥ ስንት ሰው የማያውቀውን ሰው ቡቱቶ ክንዱ ሥር አድርጎ ቴሌቪዥን እንደሚያይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ መድኃኒት ስትሰጥ ስለምትውል ጉልበቷን ያማታል። ቤት ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ መስኮቱ ሥር ያለችው ባለ ክንድ ወንበር ላይ ትቀመጥና ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ደጅ ድረስ የሚሸት ቅባት ነበር። እጇን ሳትታጠብ የወንበሩን ክንድ ይዛ ስለምትነሳ ጨርቁ ከጊዜ ብዛት ወዝቶ ጠቁሯል።

ድመቷን ያመጣቻትም እሷ ናት። ከፋርማሲው ጓሮ፣ ከባዶ ካርቶን መሃል አግኝታ በሻርፕ ጠቅልላ ይዛት መጣች። ድመቷ መሬት እንደነካች ያለ ምንም ይሉኝታ ወንበሯ ላይ ወጥታ ተጋደመች። “እሜቴ፣ ተነሺልኝ እንጂ” አለቻት ሚስትየው። በዚያው እሜቴ ሆና ቀረች።

ለሶፋ ሠሪ ድመት ምን ማለት እንደሆነች መቼም ማስረዳት አያሻም። ሱቁ ከሚመጣው ሶፋ ግማሽ ያህሉ ድመት የቧጠጠው ነው። እንጀራው ከጥፍሯ የሚወጣ ሰው ሊያመሰግናት ሲገባ፣ እሱ የድመትን ዘር በሙሉ ይራገም ነበር። እሜቴ ደግሞ ሥራዋን የጀመረችው ከዚያችው ከመስኮት ሥር ወንበር ነው። ክንዶቹን ቧጥጣ ቧጥጣ ክራቸውን አወጣችው።

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ይላል እሱ ከአፉ አንድ ነገር ከወጣ።

“እሷን ተዋት። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲባል አልሰማህም? የሶፋ ሠሪ ሚስት በቡቱቶ ላይ ብትቀመጥ ምን ይገርማል?” ትላለች ሚስቱ እየሳቀች። “ለመሆኑ የኔ ወንበር ተራዋ መቼ ነው የሚደርሰው?”

“ይደርሳል።”

ጨርቁንም ራሷ መርጣ ገዝታ ነበር፤ ወፍራም፣ ቅጠልያ ጨርቅ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደታጠፈ ተቀመጠ። የሰው ሶፋ ይመጣል፣ የሰው ሶፋ ይሄዳል። የደንበኛ ሥራ ይቀድማል፣ የቤት ሥራ የትም አይሄድም ብሎ ነው እንጂ በክፋት አልነበረም። የቤት ሰውም የትም የሚሄድ አልመሰለውም።

ሚስቱ በታመመች ጊዜ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሰነበተ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ስለ ቤቱም፣ ሌላ ከተማ አግብታ ስለምትኖረው ልጃቸውም አላነሳችበትም። ስለ እነዚያ ቀድማ ተናግራ ጨርሳ ነበር።

“እሜቴን አደራ” አለችው። “ከኔ በቀር የምታውቀው ሰው የላትም። አንተ ደግሞ አትወዳትም። ባትወዳትም ግን እንዳትሞትብኝ።”

ሶፋ ሠሪው አገጩን ወደ ላይ ነቀነቀ። አፉ ውስጥ አንድም ምስማር አልነበረም፤ እሺ ለማለት የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣም። በማግስቱ ሲመለስ አልጋዋ ተነጥፎ አገኘው።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የገንዘብ አደራ ቢጠፋ ሠርቶ ይከፈላል፤ የሙት አደራ ቢጠፋ ለማን ይመለሳል? አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ እሱ አያውቅም። ለዚያውም እሺ የሚለውን ቃል እንኳ ሳይሰጥ የተቀበለው አደራ ነው።

በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ጎረቤቶቹ ደረቅ ሰው ነው ብለው አሙት። ልጁ ለቅሶ መጥታ ከሰነበተች በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ወንበሯን አየችና “ይቺን ወንበር እንኳ ሳታለብስላት” አለች። ጮኽ ብላ አልተናገረችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ዘመዶችም ቤቱን ጠራርገው፣ የሟችን ልብስ አጥበው ለሚለብሰው ሰጥተው ሄዱ። ሶፋ ሠሪውና ድመቷ ብቻቸውን ተፋጠጡ።

ከእሜቴ ጋር አብሮ ኖረ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አብልቷት አያውቅም። ድመት ሲባል የሚያውቀው ወተት ነው። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ወተት አቀረበላት፤ ጠጣችው። ከዚያ ወለሉን ሲወለውል ሰነበተ። የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን ደግሞ ሁሉም ባንድ ቦታ ቢሆን ይመቻታል ብሎ ከምግቧ አጠገብ አደረገው። እሜቴ ሳጥኑን ትታ ጫማው ውስጥ ሸናች። ከአልጋ ሥር ስትደበቅበት እጁን ሰዶ ሊጎትታት ሲል ከክርኑ እስከ አንጓው ሰነተረችው። ቢቸግረው ልጁ ዘንድ ደውሎ ሁሉንም ነገራት።

“አባዬ፣ አንተ እራትህን ሽንት ቤት ውስጥ ትበላለህ?”

“አልበላም።”

“እሷም አትበላም። ደግሞ ማነው ወተት ስጣት ያለህ? በል ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። እናቴ ክትባቷን አንድ ጊዜ አሳልፋ አታውቅም ነበር።”

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሶፋ ሠሪው መጀመሪያ ያየው እጆቿን ነው፤ እንደሱ እጆች ጠባሳ በጠባሳ ናቸው። በዚህ ልቡ ትንሽ ተረጋጋ። ድመቷን ፎጣ ላይ አስቀምጣ፣ ጆሮዋንና ጥርሷን አይታ፣ ሆዷን ዳብሳ ክትባቷን ወጋቻት። ይህን ሁሉ እያደረገች፣ ዕውቀቱን ሳታካብድ ትነግረው ጀመር።

“ወተቱ ይቅር፣ አባት። ያደገች ድመት ሆዷ አይችለውም። ንጹሕ ውሃ ይበቃታል፤ ከምግቧ ራቅ አድርገው ያስቀምጡላት። አሸዋዋን በየቀኑ ይዛቁላት፣ ሳጥኑም ሰው የማይመላለስበት ጥግ ይሁን። ከአልጋ ሥር ከገባች አይጎትቷት። መሬት ላይ ይቀመጡና ዝም ይበሉ፤ ስትፈልግ ራሷ ትመጣለች።”

“ዝም ማለት እችላለሁ” አለ ሶፋ ሠሪው።

“ዓይኗ ላይ አያፍጡባት። ቀስ ብለው ይጨፍኑና ይግለጡ፤ ያኔ ጠላት አለመሆንዎን ታውቃለች። ጥፍሯን የምትስልበት ነገርስ አላት?”

“የሰው ሥራ ላይ ነው የምትስለው።”

ሐኪሟ ፈገግ አለች። “አመል ሆኖባት አይደለም፤ ካልቧጠጠች አይሆንላትም። ወፍራም እንጨት ላይ ገመድ ይጠምጥሙላት። አንድ ነገር ግን እንዳይረሱብኝ። መብላት ካቆመች ሲርባት ትበላለች ብለው አይጠብቁ። እንደሷ ወፈር ያለች ድመት ምግብ ከተወች ጉበቷ ቶሎ ነው የሚጎዳው። ከአንድ ቀን በላይ ካልበላች ይዘዋት ይምጡ።”

የሙያ ነገር ለሚገባው ሰው ሙያ ሆኖ ከተነገረው አይከብደውም። ሶፋ ሠሪው የተባለውን ሁሉ አደረገ። መቧጠጫውንም ሱቁ ውስጥ ሠራ። በጥሩ ሣንቃ ላይ ገመዱን አንዷ ዙር ከሌላዋ ሳትነባበር ጠምጥሞ፣ ጫፉን ምስማሩ እንዳይታይ አድርጎ መታው። ዕድሜውን ሙሉ የድመት ጥፍር ሲራገም የኖረ ሰው ለጥፍሯ ይህን ያህል ሲጨነቅ ማየት ለራሱም አሳቀው። እሜቴ መቧጠጫውን አሽትታ፣ አንድ ሁለቴ ሞከረችውና ተቀበለችው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ እንደ ሁለት ተከራይ ተላምደው መኖር ጀመሩ። እሱ መሬት ላይ ወይም በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ወንበሯ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። ጭኑ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ እሱም አልጠበቀም። ብቻ ትበላለች። ሳህኗ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ልቡ ይሞላል። ሚስቱ ብትጠይቀው አለች ብሎ የሚመልሰው ነገር ነበረው።

የልጁ ቃል ግን እንደ ስንጥር ተሰክቶበት ቀርቷል። ይቺን ወንበር እንኳ ሳታለብስላት። አንድ ቀን ወንበሯን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ወሰዳት። የደንበኛ ሥራ ይጠብቅ አለ፤ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። የተዘለዘለውን ጨርቅ ምስማር በምስማር እየነቀለ ገፈፈው። የላላውን ስፕሪንግ አጠበቀ፣ የሟሸሸውን ስፖንጅ ለወጠ፣ እንጨቱን በማስቲሽ ደግሞ አጣበቀ። ማስቲሹ እስኪደርቅ እዚያው አጠገቡ ቆሞ የነበረውን የዳይሬክተሯን ሶፋ ጨርሶ አስረከበ፤ ዳይሬክተሯ ከትምህርት ቤት በጡረታ የወጣች፣ አንድ ጎዳና ማዶ ያለች ደንበኛው ናት። ከዚያ ቅጠልያውን ጨርቅ ከመደርደሪያው አውርዶ ወንበሯን አለበሳት። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ ይኸው ተራሽ ደረሰ ሊላት ፈለገ፤ አፉን ምስማር ሞልቶት ነበር።

በእነዚያ ቀናት እሜቴ ወንበሯ የነበረችበት ባዶ ወለል ላይ ነበር የምትውለው። ምግቧን ቀነስ አድርጋ ነበር። ወንበሯ ስትመጣላት ደስ ይላታል ብሎ ሶፋ ሠሪው አልተጨነቀም። ወንበሯን አምጥቶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠላት። ድመቷ ቀርባ አንዱን ክንድ አሸተተች፣ ዞራ ሌላውን አሸተተች። ከዚያ ሆዷን ወለሉ ላይ እየጎተተች አልጋ ሥር ገባች።

በዚያን ቀን አልበላችም። ኩርፊያ ነው አለ። በማግስቱም ሳህኗን አልነካችም። መሬት ላይ ተቀመጠላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠላት። ከአልጋው ሥር የሚመለሱለት ሁለት ዓይኖች ፈዘዋል። ቅርጫት ውስጥ አድርጎ እየሮጠ ሐኪሟ ዘንድ ወሰዳት፤ ስትወሰድ አልቧጠጠችውም። ያ ነው ያስፈራው።

ሐኪሟ ድዷንና የጆሮዋን ውስጥ በብርሃን አየች። “ገና ቢጫ አልሆነም። ግን ሩቅ አይደለም” አለች። ውሃ በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ሰጠቻት፣ ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ መርፌም ወጋቻት። “ይህ ያግዛታል። በራሷ መብላት ካልጀመረች ግን በቱቦ ልንመግባት ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ይህን መቻሏን እርግጠኛ አይደለሁም። ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?”

“ምንም።”

“ያስቡበት እስቲ፣ አባት። አዲስ ዕቃ ገባ? ቤት ተቀባ? የሄደ ሰው አለ?”

“የሄደስ ሄዳለች። ግን ከዚያ ወዲህም ትበላ ነበር።” ድመቷን እያየ ጨመረ። “ወንበሯን አደስኩላት። ሌላ ምንም የለም። ጨርቁ፣ ስፖንጁ፣ ሁሉም አዲስ ነው።”

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ሐኪሟ ከድመቷ ቀና ብላ አየችው።

“ወንበሩ የባለቤትዎ ነበር?”

አገጩን ወደ ላይ ነቀነቀ።

“ድመት ሰውን የምታውቀው ከዓይኗ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው። ጨርቁ የእሳቸው ሽታ ነበረበት። ለእሷ ባለቤትዎ እስካሁን ቤት ውስጥ ነበሩ። የሞቱባት አሁን ነው።” ይህን ብላ እጇን ድመቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች። “የእሳቸው ልብስ የለም? ሻርፕም ቢሆን?”

“ታጥቦ ለሰው ተሰጠ።”

“የወንበሩ አሮጌ ጨርቅስ?”

ሶፋ ሠሪው ቅርጫቱን አነሳ። ድመቷን ቤት አስገብቶ ወደ ሱቁ ገሰገሰ። ጥግ ያለውን የጨርቅ ክምር አንድ በአንድ ገለበጠው። ቡናማ አለ፣ ቀይ አለ፣ አበባ ያለበት አለ፤ የሷ የለም። ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው እጆቹ ያደረጉትን ያስታወሰው። የዳይሬክተሯን ሶፋ ሊዘጋ ሲል ለክንዱ መሙያ ፈለገ፤ ከአጠገቡ ያገኘውን አሮጌ ጨርቅ አጣጥፎ አስገባ፣ ስፖንጅ ደረበበት፣ መታው። አላሰበበትም። አሮጌ ጨርቅ አይጣልም። የሚስቱን የመጨረሻ ሽታ በገዛ እጁ የሰው ሶፋ ውስጥ ቀብሮት፣ የተዘጋ ሥራ አይከፈትም በሚል ሕግ ላዩ ላይ ዘግቶበታል።

መዶሻውንና መንቀያውን፣ ከቅጠልያው ጨርቅ የተረፈውንም ቁራጭ ይዞ ጎዳናውን ተሻገረ። ዳይሬክተሯ ራሷ በሩን ከፈተችለት። ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ናት።

“የሶፋዎን ክንድ መክፈት አለብኝ” አላት።

“ምነው? ተበላሸ?”

“አልተበላሸም።”

“ታዲያ ለምን ይከፈታል?”

አገጩ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ወደ ላይም ወደ ጎንም ቢነቀንቀው አይሆንም። ስለዚህ በሩ ላይ እንደቆመ ተናገረ። ስለ አደራው፣ ስለ ወንበሯ፣ አልጋ ሥር ስላለችው ድመት፣ ሁሉንም እየተንተባተበ ነገራት። ዳይሬክተሯ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠው ሰማችው። ፊቷ ግን ተለውጧል።

“የሞተ ሰው ጨርቅ ነው በእኔ ሶፋ ውስጥ የከተቱት?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“አዲስ ነው ብለው ነው ያስረከቡኝ።”

“ላዩ አዲስ ነው። የሁሉም ሶፋ ሆድ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አለ። የማን እንደነበረ አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅኩም። የገዛ ሚስቴን ጨርቅ እንኳ አልጠየቅኩም።”

ዳይሬክተሯ ወደ ውስጥ ዞራ ሶፋዋን አየችው። ከዚያ ፊቱ የነበረችውን ትንሽ ጠረጴዛ ራሷ አንስታ ወደ ጎን አደረገችለት። “በሉ ይክፈቱት” አለች።

ተንበርክኮ ከግራው ክንድ ጀመረ። ምስማሮቹን እየነቀለ እንደ ልማዱ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል ዳይሬክተሯ ጠየቀችው፦ “ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ባለቤትዎ?” ምስማር ይዞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እጁ አየር ላይ ቀረ። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ መዳፏን ዘረጋችለት። ምስማሮቹን እያወጣ መዳፏ ላይ እያስቀመጠ መለሰላት። ስለ ፋርማሲው ነገራት፤ ሳቋን፣ ጉልበቷን፣ ተራዬ መቼ ይደርሳል እያለች የምትቀልድበትን ነገራት። እየሠራ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

የግራው ክንድ ውስጥ ያገኘው ቡናማ ጨርቅ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ወደ ቀኙ ዞረ። ስፖንጁን ገለጥ ሲያደርገው ጨርቁን ከማየቱ በፊት ሽታው መጣ። የጉልበት ቅባቱ፣ የሚሰነፍጠው፣ ደጅ ድረስ ይሸት የነበረው። ጨርቁን አወጣና ፊቱ ላይ አደረገው። ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም ይባላል፤ በቀብሩ ላይ ያላለቀሰው ሁሉ የሰው ሳሎን ውስጥ ወጣለት። ዳይሬክተሯ መዳፏን ምስማር እንደሞላ ይዛ አጠገቡ ቆየች።

በጨርቁ ቦታ ያንን ቅጠልያ ቁራጭ አስገብቶ ሁለቱንም ክንዶች መልሶ መታቸው። ሲወጣ ዳይሬክተሯ እስከ በሩ ሸኘችው።

“ከበላች መጥተው ይንገሩኝ” አለችው።

ቤት ገብቶ አሮጌውን ጨርቅ በአዲሷ ወንበር ላይ ዘረጋው። ምግቧን ሽታው እንዲወጣ ለብ አድርጎ ሳህኑን ወንበሯ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሏል። በዚህች ሰዓት ግን አልቻለም።

“እሺ” አለ።

ቃሉ በባዶው ክፍል ውስጥ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። እንደገና አለው። “እሺ ብዬሻለሁ። ያኔ ከአፌ አልወጣም እንጂ እሺ ብዬ ነበር። እጠብቃታለሁ። ወንበርሽንም ሠራሁልሽ። ሳትቀመጪባት ሠራሁልሽ፤ ምን ዋጋ አለው? ስትለምኚኝ መሥራት ነበረብኝ። ይህንንም መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው።”

ለማን እንደሚናገር አልለየም፤ ለሚስቱም ለድመቷም ሆነ። ከአልጋው ሥር በመጀመሪያ አፍንጫዋ ወጣ። ቀጥሎ ጢሟ ተንቀሳቀሰ። እሜቴ እግሮቿ እየተብረከረኩ አጠገቡ አለፈችና ወንበሯን ቀና ብላ አየች። መዝለል አቃታት። ሶፋ ሠሪው ሊያነሳት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ አይጎትቷት ተብሏል። ሁለተኛ ሞከረችና ወጣች። ክንዱን አሸተተች፣ አፍንጫዋን የጠቆረው ወዝ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጆቿ እንደ ሊጥ ታሸው ጀመር። ካሸችው በኋላ ተጠቅልላ ተኛች።

ሳህኑን ቀስ ብሎ አንስቶ ወንበሯ ላይ፣ አፏ አጠገብ አደረገላት። መጀመሪያ ላሰችው። ቆየችና እንደገና ላሰች። ከዚያ በላች። የበላችው ጥቂት ነው፤ ግን በላች።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ወሰዳት። ከሐኪሟ ሲመለሱ ቅርጫቱን እንደያዘ የዳይሬክተሯን በር አንኳኳ። “በላች” አላት።

ቱቦ ሳያስፈልጋት እሜቴ ዳነች። ሶፋ ሠሪውም አሮጌውን ጨርቅ በቅጠልያው ላይ ደርቦ ዙሪያውን በምስማር መታው። የተቧጠጠውን አልሰፋውም፤ በቀዳዳው በኩል ቅጠልያው ብቅ ይላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢያይ አበደ ይለዋል።

ልጁ ዕረፍት ወስዳ ልትጠይቀው የመጣች ቀን ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወንበሯን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

“አባዬ፣ በስልክ ሠራኋት አላልከኝም? ዛሬም ተራዋ አልደረሰም?”

“ደርሷል። ይቺ ተሠርታ ያለቀች ናት” አላት። “ቁጭ በይባት። እሜቴን ግን አታስነሻት።”

ልጁ እንዳኮረፈች ድመቷ በተወችላት ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደገፍ ስትል እጇ የወንበሩን ክንድ ያዘ። የቅባቱ ሽታ መጣባት። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጨርቁ ላይ አደረገች።

“እማዬ” አለች።

ቤቱ ውስጥ በርጩማ ሞልቶ ሳለ አባቷ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ። እሜቴ ከወንበሩ ላይ አንድ ጊዜ አየችውና ዓይኖቿን ቀስ ብላ ጨፈነች። እሱም ጨፍኖ ገለጠላት። ከዚያ ልጁ ሳትጠይቀው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያወራላት ጀመር።